ፓነል ልጨምር ሄጄ ሳልጨምር ተመለስኩ

ለገጣፎ የሚሠራውን የሶላር ልጅ እዚህ ሳላመሰግነው ብቀር ይከብደኛል። መኪናችሁ ላይ ሶላር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

የዶልፊኔን ወንበሮች አውጥቼ አልጋና ፍሪጅ ካስገባሁባት ቆየሁ። ቤተሰቤን ይዤ ላንጋኖ፣ አንዳንዴም ወንጪ እወጣለሁ። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ፍሪጁ ይጠፋል፤ ጠዋት ወተቱ ተበላሽቶ እናገኘዋለን፣ ባለቤቴም ዝም ብላ ታየኛለች (ዝምታዋ ከወተቱ ይብሳል)። ጣራው ላይ ባለ 250 ዋት ሁለት ፓነል አለ። የሸጠልኝ ሰውዬ "ሦስተኛ ጨምርበት" አለኝ።

ይሄ ልጅ ግን ጣራውን ሳያይ "ጋሼ፣ ማታ ማታ ምን ምን ያበራሉ?" ብሎ ወረቀት አወጣ። ፍሪጁ 45 ዋት ነው፤ ከ24 ሰዓቱ ግማሽ ያህሉን ቢሠራ 540 ዋት ሰዓት። መብራት፣ ስልክና ላፕቶፕ ሲደመር 700 ገደማ። ባትሪዬ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 2,400 ዋት ሰዓት። የአሲድ ባትሪ ስለሆነ ግን ከግማሽ በታች ባላወርደው ይሻላል፤ ስለዚህ የምጠቀመው 1,200 ነው። "ታዲያ ይበቃል እኮ!" ስለው "ቢሞላማ ይበቃ ነበር" አለኝ።

ከዚያ ቴስተሩን ይዞ ወጣ። ለካ ፓነሎቹ 60 ሴል ናቸው፣ 30 ቮልት አካባቢ የሚሠሩ፤ የተገጠመልኝ ኮንትሮለር (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ደግሞ ርካሹ ፒ ደብሊው ኤም የሚሉት። እሱ ቮልቱን ወደ ባትሪው 13 ምናምን ያወርደዋል እንጂ አምፒሩን አይጨምርም፤ ስለዚህ ከ250 ዋት የማገኘው 110 ቢሆን ነው። ሌላው ገንዘቤ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሟል። በዚያ ላይ የፖርቶመጋላው ብረት አንዱን ፓነል ያጠላበታል፤ ትንሽ ጥላ ደግሞ ብዙ ይበላል።

ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር የሚቀይር ባለ 40 አምፒር ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባል ኮንትሮለር አስገዛኝ፣ ፓነሉን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳበው፣ ቀጭኑን ገመድ በባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቀየረው። ባትሪው አጠገብ ከእሳት የሚያድን ፊውዝ እንደሌለ ሲያይ ግን እጁን አፉ ላይ አደረገ። "ጋሼ፣ ልጆች ይዘው እዚህ ላይ ነው የሚተኙት?" ምን ልበለው፣ አፈርኩ።

ፓነሉን ወደ ፀሐይ ላዘንብለው ወይ ብዬም ጠይቄው ነበር። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከአናት ብዙ አትርቅም፣ ዝርግ ይሁን፣ አቧራውን ብቻ ይጠቡት አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በሶላር ብቻ አይመኑ ብሎ ከሞተሩ ዲናሞ የሚሞላበትን መስመር ሊሠራልኝ ቀጠሮ ይዘናል። ላንጋኖ ግራር ስር ማቆሙንም ትቻለሁ፤ ጥላው ለኔ እንጂ ለፓነሉ አይሆንም።

ባለፈው ሁለት ሌሊት አድረን ወተቱ ምንም አልሆነም።

አንድ ጉድለት አለበት፣ ነገ ጠዋት ካላችሁ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትደውሉለት ግን መጀመሪያ የምታበሩትን ዕቃ ዋት ጽፋችሁ ያዙ፣ አለዚያ "ጽፈው ይደውሉ" ብሎ ይዘጋባችኋል፤ እኔንም ዘግቶብኛል።