ስም ያለበት ማሊያ ወይስ ባዶው?

ማሊያ ሻጭ ልኩን ካወረደላችሁ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ «የማን ስም ይሁን?» የሚል ነው። እዚህ የምንገመግመው ያንን ስም ነው፦ ጨርቁ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ባለስሙስ ክለቡ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ሰውየው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማሊያው። ኦሪጅናል ማሊያ ሁለት ደረጃ አለው። «ፕሌየር ቨርዥን» የሚባለው ተጫዋቹ ሜዳ ላይ የሚለብሰው ነው፤ ቀጭን ነው፣ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ የክለቡ አርማም በሙቀት የተለጠፈ ነው። የደጋፊው ሰፋ ይላል፣ አርማው አብዛኛውን ጊዜ የተሰፋ ወይም የተጠለፈ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የደጋፊው ወደ 80 ፓውንድ ሲሸጥ ሌላው ከ100 ፓውንድ ያልፋል። ለዘወትር ልብስ የደጋፊውን እንመርጣለን፤ የተለጠፈ አርማ የእጅ እጥበት አይወድም፣ ጠርዙ ቶሎ ይነሳል። ሆድ ቢጤ ላለውም ፕሌየር ቨርዥን ምሕረት የለውም።

አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያና መርካቶ በብዛት የሚገኘው «ታይላንድ» የሚባለው ነው። ታይላንድ የአገር ስም መሆኑ ቀርቶ የኮፒ ማሊያ ደረጃ ስም ሆኗል። ጥሩው ታይላንድ የሚናቅ ዕቃ አይደለም፤ ችግሩ በኦሪጅናል ዋጋ ሲሸጥ ነው። ለመለየት በውስጥ በኩል ጎን ስፌት ላይ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። እዚያ የሚጻፈው የአዲዳስ መለያ ቁጥር ሁለት ፊደልና አራት አሃዝ ነው፤ ናይኪ በዚህ ላይ ሦስት አሃዝ የቀለም ቁጥር ይጨምራል። ቁጥሩን እዚያው ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። የሌላ ክለብ ማሊያ ወይም ቁምጣ ሆኖ ከመጣ ዕቃው ፎርጅድ ነው።

ወደ ህትመቱ እንምጣ፤ ብዙ ማሊያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማሊያ ፖሊስተር ነው። ለፖሊስተር የሚሆነው ስቲከር እንደየዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። የጥጥ ቲሸርት የለመደ ባለሙያ ማሽኑን 160 ላይ እንደተወው ከጫነ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ ጨርቁ ላይ የማሽኑ ሳህን ቅርጽ እንደ ቅባት እያብለጨለጨ ይቀራል፣ በእጥበትም አይለቅም። ሁለተኛው ክፉ ነው፤ ወዲያው አይታይም። የቀዩ ጨርቅ ቀለም በሙቀቱ ተነስቶ ነጩ ፊደል ውስጥ ይገባል። ማሊያውን ስትቀበሉ ስሙ ወተት ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ ሮዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀይ ላይ ነጭ የሚያሳትሙ የአርሰናል፣ የሊቨርፑልና የዩናይትድ ደጋፊዎች ስለሆኑ ችግሩ የብዙ ሰው ነው። መፍትሔው ቀለም የሚያግድ ስቲከር መጠየቅና ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ነው።

ከማተሙ በፊት ባለሙያው ማሊያውን ባዶውን ለሦስት ለአራት ሰከንድ ሲጭነው እዩ፤ እርጥበቱን የሚያወጣው በዚህ ነው። ይህን ካልዘለለ ሥራውን ያውቃል። መሃሉን ለማግኘት ደግሞ ማሊያውን በቁመቱ አጥፎ መስመር ማውጣት አለበት፤ በዓይን ግምት የተለጠፈ ቁጥር ሲለበስ ወደ አንድ ትከሻ ያዘነብላል። ስቲከሩን የተሸከመው ላስቲክ ትኩስ እያለ ይላጣል ወይስ ሲቀዘቅዝ? ይህ እንደ ስቲከሩ ዓይነት ይለያያል። ሲላጥ የፊደል ጥግ አብሮ ከተነሳ በደንብ አልያዘም ማለት ነውና እዚያው እንዲደግመው አድርጉ።

ከ24 ሰዓት በፊት አትጠቡት። ከዚያም ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በላርጎ ወይም በጥቂት ኦሞ። ስሙ ያለበትን ቦታ አትፈትጉ፣ አትጭመቁ። በረኪና በጭራሽ። ገመድ ላይም ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ። ፊደል ላይ ካውያ ካሳረፋችሁ ስሙን ካውያው ላይ ታነቡታላችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ህትመቱ አራት አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ተጫዋቹስ? ስም ከማሳተማችሁ በፊት ውሉ መቼ እንደሚያልቅ እዩ። በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለቤልጂጋዊው ቦስማን ከፈረደለት ወዲህ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ይሄዳል፤ ለቀድሞ ክለቡ ይከፈል የነበረው ገንዘብ በፊርማና በደሞዝ መልክ ወደ እሱ ይዞራል። ውሉ ጁን 30 የሚያልቅ ከሆነም ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ከሌላ አገር ክለብ ጋር መፈረም ይችላል። ስለዚህ ከ18 ወር በታች የቀረውን ተጫዋች ስም እንድታሳትሙ አንመክርም፤ አርማውን ስንት ጊዜ ቢስምም።

የትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ 66 ቁጥር ማሊያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በስድስት ዓመቱ ሊቨርፑል የገባ የከተማው ልጅ ነው፤ «እሱማ የትም አይሄድም» ተብሎ ስንት ማሊያ ታተመ። ውሉ ግን በጁን 2025 እንደሚያልቅ የተደበቀ ነገር አልነበረም። በሜይ እንደሚለቅ ተናገረ፣ ከቀናት በኋላ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ አንፊልድ ላይ በራሱ ደጋፊ ተጮኸበት። ሪያል ማድሪድ ለክለቦች ዓለም ዋንጫ እንዲደርስለት አንድ ወር ቀድሞ ለመውሰድ ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ፤ ሊቨርፑል ያገኘው እሱኑ ነው። ማድሪድ ላይ ጀርባው የሚለው «ትሬንት 12» ነው። ቁጥሩም የስሙ አጻጻፍም ተቀይሯልና አሮጌው ህትመት ለምንም አይሆንም።

የቫን ፐርሲ ደግሞ ለእኛ አገር የአርሰናል ደጋፊ ቁስል ነው። በ2011/12 በሊጉ 30 ጎል አገባ፣ አንድ ዓመት ሲቀረው ውሉን አላድስም አለ፣ አርሰናልም በነጻ ከማጣት ብሎ ወደ 24 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀብሎ ለዩናይትድ ሸጠው። እዚያ 20 ቁጥር ለብሶ 26 ጎል አገባ፣ ዩናይትድም ለ20ኛ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ገንዘብ ነው ወይስ ዋንጫ የሚለው ክርክር ዲኤስቲቪ ቤት ዛሬም አላለቀም። ለገዢ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፦ የማሊያውን ዕጣ የሚወስነው ከክፍያው ይልቅ የሚሄድበት ቦታ ነው። ሄንሪም በ2007 አርሰናልን ትቶ ባርሴሎና ሄዷል፤ ማሊያው ግን አልተቃጠለም።

ስለ ማቃጠል ካነሳን፣ ማሊያ ማቃጠል ማንንም አይጎዳም። «የማሊያ ሽያጩ የተጫዋቹን ዋጋ ይመልሳል» የሚባለውም ተረት ነው። ክለቡ በዋናነት የሚያገኘው ከአምራቹ አስቀድሞ የተዋዋለውን ነው፤ ዩናይትድ በ2023 ከአዲዳስ ጋር ያደሰው ውል ለ10 ዓመት ቢያንስ 900 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ከእያንዳንዱ ማሊያ የሚደርሰው ትንሽ መቶኛ ነው። ለ2022/23 «ሮናልዶ 7» ያሳተመ ሰው ባለስሙ በኖቬምበር ሲለቅ ስድስት ወር እንኳ አልለበሰውም።

ክለቡም ከተጫዋቹ አይሻልም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ክለብ ዳላስ በፌብሩዋሪ 2025 ሉካ ዶንቺችን ሳያማክረው ለሌከርስ አሳልፎ ሰጠው፤ ስሙ ያው፣ 77 ቁጥሩም ያው፣ ማሊያው ሌላ። አሜሪካ ላላችሁ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ ማሊያ ሻጩ ፋናቲክስ በገዛችሁ በ90 ቀን ውስጥ ተጫዋቹ ክለብ ከቀየረ ማሊያውን የሚለውጥ ዋስትና አለው። ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው በዋስትናው ውስጥ መሆኑን እዩ። አውሮፓ ያላችሁ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን የመመለሱ መብት ለራሳችሁ ስም ለተሠራ ዕቃ እንደማይሠራ እወቁ፤ ብዙ ሱቆች የተጫዋች ስም የታተመበትንም አይመልሱም።

ስም ማንሳት ይቻላል፣ ግን ብዙ ውጤት አትጠብቁ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ከጥግ በወረንጦ መላጥ፣ የቀረውን ሙጫ አሴቶን በነካ ጥጥ መጥረግ ነው። አሴቶኑ የስፖንሰሩን ጽሑፍ እንዳይነካ፤ ያሟሟዋል። ስሙ ከለቀቀ በኋላም ሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላልመታው ጠቆር ብሎ ይቀራል። ከሩቅ ይነበባል።

ለልጅ ከሆነ ያማረውን አሳትሙለት፤ ተጫዋቹ ሳይሄድ ማሊያው ይጠበዋል። ለአዋቂ ባዶውን፣ ስም ካስፈለገም ጫማውን የሰቀለ ሰው ስም እንመርጣለን። አሮጌ ማሊያ ስትገዙ የፊደሉን ቅርጽ አመሳክሩ፤ ፕሪምየር ሊጉ በ1997 ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊደል አመጣ፣ በ2007፣ በ2017 እና በ2023 ቀየረው። ሄንሪ በጃንዋሪ 2012 ወደ አርሰናል በውሰት ሲመለስ 14 ቁጥር የዋልኮት ስለነበር የለበሰው 12 ነው። የዚያን ዓመት ማሊያ «ሄንሪ 14» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ካለ ዋጋውን እዚያው ያውርድ።