የካሜራ ሴንሰር አቧራ፦ በአየር ወይስ በእርጥብ መጥረጊያ?

ሰማይ ባነሳችሁ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ግራጫ ነጥብ ይታያችኋል? ሌንስ ቀይራችሁም ካልጠፋ፣ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ማለትም ከሌንሱ ጀርባ ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚፈጥረው ክፍል ላይ። ለማረጋገጥ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 ወይም 22 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ።

በእጅ የሚጨመቀው የጎማ መንፊያ ሴንሰሩን አይነካም። ባትሪውን ትሞላላችሁ፣ ሜኑው ላይ የማጽጃውን ሞድ ትከፍታላችሁ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ ትነፋላችሁ። በአፍ መንፋት ግን አይሞከር፤ ምራቅ ይረጫል። በቆርቆሮ የታሸገ አየርም ያው ነው፣ ፈሳሽ ሊተፋ ይችላል።

እርጥቡ መጥረጊያ የሚበልጠው ተጣብቆ እምቢ ባለ ቆሻሻ ላይ ነው። የዘይት ጠብታ በአየር አይነሳማ! የመጥረጊያው ስፋት ከሴንሰሩ ጋር ይመጣጠን፤ ለፉል ፍሬም (ሰፋ ላለው ሴንሰር) 24 ሚሊ ሜትር፣ ለኤፒኤስ-ሲ (አነስ ላለው) 16 ገደማ። አንድ ሁለት ጠብታ የሴንሰር ማጽጃ ፈሳሽ፣ አንዴ ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ መጣል። እውነቱን ለመናገር የምትነኩት ሴንሰሩን ሳይሆን ከላዩ ያለውን የማጣሪያ መስታወት ነው። እሱም ቢሆን ይጫጫራል።

እኔ ሁሌም በመንፊያው እጀምራለሁ። ደረቅ ቅንጣት እያለ መጥረግ በአሸዋ እንደማሸት ነው። ሦስት ጊዜ ነፍቼ ነጥቡ ካልሄደ ብቻ መጥረጊያውን ከማሸጊያው አወጣለሁ።