የትንሿን አውሮፕላናችንን መካኒክ ላመስግን፣ ልጠቁማችሁም

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ለምትኖሩ፣ የግል አብራሪነት ፈቃድ ላላችሁ ወይም ለመማር ለምታስቡ ወገኖቼ፦ ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ አደራ ስላሉኝ፣ ሸሪኮቼና እኔ እንደምንጠራቸው እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚሠሩት ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የትናንሽ አውሮፕላኖች መካኒክ ናቸው። እኛን ግን አውሮፕላን ብቻ አይደለም የጠገኑልን፤ ሊፈርስ የነበረ ሽርክናም አቁመውልናል።

እኛ አራት ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የከባድ መኪና ባለንብረት፣ ሁለታችን የኮምፒውተር ባለሙያዎች። የተዋወቅነው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ እቁብ ነው። ለየብቻችን ቢሆን ማናችንም አውሮፕላን የመግዛት አቅም አልነበረንም፤ ለአራት ሲካፈል ግን ከአንድ ደህና መኪና ዕዳ ብዙም የማይርቅ ነገር ሆኖ አገኘነው። በፈረንጆቹ 1975 የተሠራች ሴስና 172 ገዛን። ለማታውቋት፣ ክንፏ ከላይ፣ መቀመጫዋ አራት፣ ሞተሯ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። የዚህ ዓይነቷ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1955 ሲሆን፣ እስካሁን ከ44,000 በላይ ተመርታለች፤ በብዛት በመመረት የሚስተካከላት አውሮፕላን የለም። እናቴ ዕድሜዋን ስነግራት ከአዲስ አበባ በስልክ የመለሰችልኝ፣ "የሃምሳ ዓመት መኪና እንኳ ማን ደፍሮ ይነዳል? አንተ ጭራሽ ሰማይ ላይ!" ብላ ነበር።

ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ መልሱም ጋሼና እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለች አውሮፕላን በየ12 ወሩ ዓመታዊ ፍተሻ ካልተደረገላትና መዝገቧ ላይ ካልተፈረመላት መብረር አትችልም። ፍተሻውን መፈረም የሚችለውም ማንኛውም መካኒክ አይደለም። በመጀመሪያ የአካልና የሞተር መካኒክነት ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ፈቃዱን ይዞ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ደግሞ የፈታሽነት ሥልጣን ተፈትኖ ይወስዳል። ጋሼ ሁለቱም አላቸው። ወጣት ሳሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል ዲሲ-3 በሚባለው አሮጌ አውሮፕላን ላይ እጃቸውን ያፍታቱ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ በኋላ ፈተናውን ሁሉ፣ ጽሑፉንም የቃሉንም የተግባሩንም፣ እንደ አዲስ ተቀምጠው አልፈዋል።

አሁን ወደ ሽርክናው ልመለስ። ብዙ ሰው የአውሮፕላን ሸሪኮች የሚጣሉት "ቅዳሜን እኔ ልውሰድ፣ እኔ ልውሰድ" በሚል ይመስለዋል። የቀን መቁጠሪያ ላይ የመመዝገብ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ገንዘቡም ቢሆን በመደበኛው ጊዜ አያጣላም። የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ለዓመታዊ ፍተሻ የሚቀመጠው በየወሩ እኩል ይከፈላል፤ ነዳጁ፣ ዘይቱና ለሞተር እድሳት የሚጠራቀመው ደግሞ እያንዳንዱ በበረረው ሰዓት ልክ ነው። ሞተሯ በሰዓት ወደ 8 ጋሎን ነዳጅ ትጠጣለች፤ አምራቹ ሙሉ እድሳት የሚመክረው በ2,000 ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ይሸከመዋል። ሠንጠረዥ የማይሸከመው ያልታሰበ የጥገና ሒሳብ ነው። አንዱ "ለደኅንነት ነው፣ ይሠራ" ይላል፤ ሌላው "ተበልተናል" ይላል፤ ሦስተኛው ዝም ይላል። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው፤ ድርሻውን ለመሸጥ እያሰበ ነውና።

ከጋሼ በፊት የነበርንበት የጥገና ቤት ማን እንደሆነ አልናገርም። ልማዳቸው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ረጅም ሒሳብ መላክ ነበር። የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ምርጫ እንደሆነ የሚያስረዳ አልነበረም። አንድ ዓመት ሒሳቡ ካሰብነው እጥፍ ሆኖ ሲመጣ የከባድ መኪናው ሸሪካችን ስብሰባ ላይ ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ድርሻዬን ግዙኝ የሚል መልእክት ላከ። ውላችን ሲሸጥ ቅድሚያ ለሸሪኮች ይላል፤ ገንዘቡ ግን የለንም። እዚህ ላይ ነው አንድ የማረፊያው ሰው ወደ ጋሼ የመራን።

ጋሼ ፍተሻ ሲጨርሱ ሒሳብ አይልኩም፤ አራታችንንም ጠርተው ሃንጋሩ ውስጥ አንድ ወረቀት ይዘረጉልናል። ወረቀቱ ሦስት ረድፍ አለው። "ይኸኛውን ካልሠራችሁ አልፈርምም። ይኸኛውን እስከ መጪው ዓመት ማሰንበት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ብሆን እሠራው ነበር። ይኸኛው ገንዘብ ሲተርፋችሁ።" ከእያንዳንዱ አጠገብ ግምቱ አለ። ዕቃው ተፈትቶ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አንስቶ ማየት ይቻላል። ከዚያ፣ "ተነጋገሩ፣ እኔ ቡና ላፍላ" ብለው ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ያለቀ የጎማ ኩሽኔታ ያገላብጥ የነበረው ያው ተነስቶ የወጣው ሸሪካችን ነው። ድርሻውን መሸጡን ትቶታል። እንዲያውም አሁን በገንዘብ ያዥነት የሚያገለግለን እሱ ነው።

ግን ይህን ጽሁፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ማርሚታው፣ የሞተሩ ጭስ የሚያልፍበት ድምፅ ማፈኛ፣ ነው። የዚህች አውሮፕላን ጋቢና የሚሞቀው በቀላል ዘዴ ነው። ማርሚታው በቆርቆሮ ሽፋን ይጠቀለላል፤ ከውጭ የሚገባው ንጹህ አየር በሽፋኑና በጋለው ማርሚታ መካከል አልፎ ሙቀቱን ይዞ ወደ ውስጥ ይመጣል። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ደግሞ የሞተሩ ጭስ በዚያው መንገድ እግራችን ሥር ይደርሳል። ጋሼ ኮፋኖውን ካነሱ በኋላ መጀመሪያ የፈቱት ይህንኑ ሽፋን ነበር። ብሎኖቹ ዝገው ስለተጣበቁ ለመፍታት ብዙ ታገሉ። ያለፈው ፍተሻ መዝገብ "ታይቷል" ይላል፤ ብሎኖቹ ግን ሌላ ይመሰክራሉ።

ከዚያ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን አምጥተው ቱቦውን የአየር መውጫው ላይ ሰኩና በጭስ ማውጫው በኩል አየር ነፉበት። በሚረጭ ዕቃ የሳሙና ውኃ ይዘው ብየዳውን ዙሪያውን ረጩት። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ለጊዜው ምንም የለም። ከዚያ ከሲሊንደሩ የሚመጣው ቱቦ ከማርሚታው ጋር ከተበየደበት ጠርዝ ሥር አረፋ ብቅ አለ፤ ፈነዳ፤ ሌላ ተተካ፤ ከአጠገቡም ሌላ። ስንጥቁን በዓይኔ ለማየት ሞከርኩ፣ አልታየኝም። አረፋው ግን መውጣቱን አላቆመም። ጋሼ ምንም አላሉም፤ በቾክ አከበቡበትና ወደ ሚቀጥለው አለፉ።

ባለፈው ክረምት ነርሷ ሸሪካችን ከአንድ ረጅም በረራ ስትመለስ ራሴን አሞኛል ስትል ቡና ሳትጠጣ ስለወጣች ነው ብላ እራሷው ደምድማ ነበር። በሞተር ጭስ ውስጥ ያለው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ዝግ ቤት ከሰል አጢሶ ማደር ምን እንደሚያመጣ ለሀበሻ አይነገርም፤ የኛ ጋቢና በዚያ ቅዝቃዜ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ ከዚያ ቤት ምንም አልተለየም ነበር። ማርሚታው ፈቃድ ወዳለው የጭስ ማውጫ ጠጋኝ ተልኮ ታድሶ መጣ። ጋሼ አንድ ተጨማሪ ነገር አስገዙን፦ ድምፅ የሚያሰማ፣ በቁጥር የሚያሳይ የጋዝ መለኪያ። ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈውን፣ ቀለሙ የሚጠቁረውን ርካሽ ካርድ፣ "ራሳችሁን ስትስቱ ማን ያየዋል?" ብለው ጣሉት። አውሮፕላን ላላችሁ ሁሉ ይህቺን መለኪያ ዛሬውኑ ግዙ እላለሁ፤ ዋጋዋ ከጥቂት ሰዓት በረራ ነዳጅ ብዙም አይርቅም።

የመቀመጫው ሐዲድም አለ። የሴስና መቀመጫ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ቀዳዳዎቹ ሲያልቁ ማሰሪያው ይስታል፤ ይህ ደግሞ አፍንጫዋ ቀና ባለችበት፣ በመነሻ ላይ ከሆነ አብራሪው መሪውን ይዞ ወደኋላ ይሄዳል። በዚህ ሰበብ አደጋ ደርሶ ያውቃል፤ ስለዚህም የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ የግዴታ መመሪያ አውጥቶ ሐዲዱ በየጊዜው እንዲለካ አዟል። ጋሼ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይለካሉ፣ ልኩን ይጽፋሉ። በርከክ ብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ቁጥሩን ለኛ እየጠሩ።

ሌላው የምወድላቸው ነገር እኛን ሥራ ማስያዛቸው ነው። ባለንብረት በመካኒክ ቁጥጥር ሥር በፍተሻው መርዳት በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ብዙ ጥገና ቤት ግን ደንበኛ እግር ሥር እንዲገባ አይፈልግም። ጋሼ ካቻቪቴ ያስይዙናል። የክንፉን የፍተሻ ክዳኖች እንፈታለን፣ ኩሽኔታ አጥበን በአዲስ ግሪስ እንሞላለን፣ ካንዴላ እናጸዳለን። ሒሳቡ ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ግን አውሮፕላኗን ከውስጥ እናውቃታለን። የዘይት ለውጥ የአብራሪ ባለንብረት ሥራ ስለሆነ አሁን በየ50 ሰዓቱ ወይም በየአራት ወሩ፣ በቀደመው፣ ራሳችን እናደርገዋለን። አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጦ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ መዘርጋትና የብረት ብናኝ መፈለግ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ሽርክናን አጥብቀው የሚደግፉበት የራሳቸው ምክንያትም አላቸው። የዚህ ሞተር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተቀመጠው ከላይ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ወርዶ ያልቃል፤ ብዙ ከቆመ ዝገት ይጀምረዋል። ብቻውን ገዝቶ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከሚያበር ሀብታም ይልቅ፣ አራት ሆነው በየሳምንቱ የሚያበሯት ሸሪኮች ሞተር ዕድሜ አለው ይላሉ። ይህን ለባለቤቴ ደጋግሜ ጠቅሼዋለሁ፤ እስካሁን አላሳመናትም።

እንዳይዋሽ፣ ጉድለታቸውንም ልናገር። ስልክ አያነሱም። ቀጠሮ ከሰጡ ያከብራሉ፣ ቀጠሮ ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በፍጥነት አይሠሩም፤ "ለዓርብ ድረሱልኝ፣ ኬፕ ሜይ ልሄድ ነው" ያላቸውን ሰው ሌላ ቦታ እንዲሄድ በትሕትና ሲመክሩት ሰምቻለሁ። የሬዲዮና የትራንስፖንደር (አውሮፕላኗን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ሥራም አይነኩም። በየ24 ወሩ የሚደረገው የትራንስፖንደር ምርመራ የተለየ ፈቃድ ያለው ቤት ይፈልጋል፤ ወደሚያምኑት ይመሩዋችኋል።

ሩቅ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ፍሬድሪክ ቅርብ አይደለም። ነገር ግን ማረፊያው በዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል ከተከለለው ልዩ የበረራ ቀጠና ወጣ ብሎ ስለሚገኝ፣ ለእያንዳንዱ በረራ አስቀድሞ ልዩ ዕቅድ ማስገባትና መለያ ኮድ መጠበቅ የለም። በሰሜን በኩል ያለውን የካምፕ ዴቪድ ክልል ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሲመጡ ክልሉ ይሰፋልና ከመነሳት በፊት ማስታወቂያውን ማንበብ ግዴታ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለዘመድ ወዳጆቼ፦ በክፍያ ማንንም አላበርም። ለሙሽሮች ፎቶም ቢሆን። የግል ፈቃድ ያለው አብራሪ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ነዳጁን መካፈል ይችላል፣ የራሱን ድርሻ ግን መክፈል አለበት፤ ማትረፍ ክልክል ነው። እባካችሁ ደጋግማችሁ አትጠይቁኝ።

ድርሻ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለጋሼ አሳዩ። የቅድመ ግዢ ምርመራ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ። ከእናንተ ውስጥ የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ካለ፣ ቋሚ ነዋሪ በግል ስሙ አውሮፕላን ማስመዝገብ እንደሚችል፣ በኩባንያ ስም ሲሆን ግን የዜግነት መስፈርቱ እንደሚጠብቅ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ይህን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ እንጂ ጋሼን አታድክሙ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃቸው እልካለሁ። ስትሄዱ የአውሮፕላኗን የሞተርና የአካል መዝገቦች ሁሉ፣ ከፋብሪካ ከወጣችበት ጀምሮ ያሉትን ይዛችሁ ሂዱ። መዝገቡን አንብበው ሳይጨርሱ ኮፋኖ አይከፍቱም። የመጨረሻውን ደብተር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ቡና ጠጥቶ ይመለሳል።