በደሴ 9 ቀን፣ በኮምቦልቻ አንድ ረፋድ፦ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚንገጫገጭ ሞተር ሳይክል ያሠራሁበት ገጠመኝ

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከምኖርበት ከጀርመን ለአምስት ሳምንት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደሴ ተመልሼ ነበር። በቆይታዬ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች መካከል የአውሮፕላኑም፣ የባንኩም፣ የሲም ካርዱም ነገር ስላላስቸገረኝ በእነርሱ ላይ የምለው የለኝም። ልጽፍበት የተነሣሁት ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና ነው። አንድ የደሴ ጋራዥ በቅጡ ሳይመረምር ሞተር ፈትቶ 12,100 ብር ካስከፈለኝ በኋላ፣ ያንኑ ብልሽት አንድ የኮምቦልቻ ባለሙያ በአንድ ረፋድ አግኝተው በ950 ብር ጠግነውልኛልና፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ከማባከኑ በፊት ይህን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

ሞተር ሳይክሉ የታናሽ ወንድሜ ነው። ሕንድ ሠራሽ፣ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ዕቃ) ሲሆን፣ ወንድሜ ለሥራው ከደሴ ወደ ኩታበር በየቀኑ የሚመላለሰው በእርሱ ነው። እኔ ስደርስ ብልሽቱ ከጀመረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ጠዋት በደሴ ብርድ ሲነሣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ የሚኖረው ዝቅተኛ ዙር) አይረጋም፤ ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና ይጠፋል። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ቀነስ አድርገው ሲነዱት፣ በተለይም ፒያሳ ላይ በባጃጆች መካከል ቀስ ብሎ ማለፍ ሲያስፈልግ፣ ይንገጫገጫል፤ አልፎ አልፎም በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሰዋል። ነዳጅ ሲጨመርለት ግን ድምፁ ይጠራል፣ ዳገቱንም ሳይቸገር ይወጣል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ አይወጣም፤ ዘይትም አይጎድልበትም። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነገሮች አንባቢ እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ፤ ጋራዡ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባው የነበረው እነዚህን ነውና።

ለወንድሜ ከሚለብሰው ነገር ይልቅ እንጀራውን የሚያገኝበትን ሞተር ላሠራለት ብዬ ራሴው ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። የተቀበለኝ ወጣት ሞተሩን አስነሥቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል አዳመጠና «ጋሼ፣ ይሄ ፒስተን ነው፤ ፋሻው አልቋል፣ መፈታት አለበት» አለኝ። ፋሻ የሚሉት በፒስተኑ ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች ነው። ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ) አላየም፤ ኮምፕሬሽኑን (የሞተሩን የእመቃ ኃይል) አልለካም፤ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ የሚብስበት ብሎም አልጠየቀኝም። ዋጋውን ስጠይቀው «ከ6,000 ብር አያልፍም፣ በሁለት ቀን ይደርሳል» አለኝ። እኔም አመንኩት። በልጅነቴ የማውቀውን የጋራዥ ቋንቋ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ጓርኒሲዮን እያሉ ሲነጋገሩበት መስማቴ ብቻውን ሆዴን አባብቶት ስለነበር፣ መጠየቅ የሚገባኝን ሳልጠይቅ ቁልፉን ሰጥቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ ሞተሩ ተፈትቶ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ካርቶን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ፒስተኑ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ተባልኩ። በአምስተኛው ቀን ዕቃው መጥቷል፣ ሠራተኛው ግን ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ። ለቅሶ መድረስን የሚነቅፍ ሰው የለም፤ ሆኖም በዚያው ዕለት ጠዋት ስደውል «ከሰዓት መጥተው ይውሰዱት» ያለኝ ይኸው ጋራዥ ነበር። በሰባተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ቆየኝ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ወንድሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣ ሚኒባስ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም ከእናቴ ጋር ቡና ላይ ልቀመጥባቸው ከጀርመን ሳልነሣ ጀምሬ የቆጠርኳቸውን ከሰዓት በኋላዎች ጋራዥ በር ላይ በርጩማ ላይ አሳለፍኳቸው። ይህን ጊዜ የሚመልስልኝ የለም፤ ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እርሱ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሒሳቡ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቀረበልኝ፦ ፒስተንና ፋሻ 5,200፣ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ማሸጊያ) 1,100፣ ዘይት 900፣ ካንዴላ 400፣ የእጅ ዋጋ 4,500፣ በድምሩ 12,100 ብር። ደረሰኝ ስጠይቅ የለንም አሉኝ። የወጣውን አሮጌ ፒስተን አሳዩኝ ብላቸው «ተጥሏል» የሚል መልስ ሰጡኝ። ከፍዬ እዚያው በር ላይ ሳስነሣው ሚኒሞው እንደ በፊቱ ከፍ ዝቅ አለና ጠፋ። ወጣቱ ምንም ሳይደነግጥ «ሮዳጅ ስላልጨረሰ ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይስተካከላል» አለኝ። አዲስ ፒስተንና ፋሻ የገባለት ሞተር መጀመሪያ ላይ ሳይጨናነቅ በዝግታ መነዳት እንዳለበት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የነበረ ብልሽት ከተገጠመ በኋላም ሳይለወጥ ሲገኝ፣ ሮዳጅ ነው ማለት ለጥያቄው መልስ ሊሆን አይችልም።

በምኖርበት በጀርመን አገር የጋራዥ የአንድ ሰዓት ዋጋ ደሴ ላይ ከከፈልኩት ጋር የማይወዳደር ውድ ነውና እዚያ ሁሉ ነገር የተሻለ ነው ብዬ አልከራከርም። ሆኖም እዚያ ደንበኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወጪው ከግምቱ በብዙ የሚያልፍ ከሆነም ጋራዡ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስልክ ቁጥሬ በእጃቸው እያለ፣ ከ6,000 ተነሥቶ 12,100 እስኪደርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደወለልኝም።

ከሳምንት በኋላ አክስቴን ለመጠየቅ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ ላይ ባለው በሐረጎ ቁልቁለት ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ ነዳጅ ሳልሰጥ ቁልቁል እየወረድኩ ሳለ፣ ኩርባው ላይ ፍሪሲዮን ስይዝ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላዬ አይሱዙ እየመጣ ነበር። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ፤ አይሱዙው ክላክሱን እየነፋ አጠገቤ ሲያልፍ የመንገዱ አቧራ ፊቴን ሸፈነው። ወንድሜ በየቀኑ ምን ላይ ተቀምጦ እንደሚሄድ ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

የአክስቴ ልጅ በኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ወደሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 ወደሚጠጋ ባለሙያ ወሰደኝ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲያድር ስላዘዙኝ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። መዳፋቸውን ቴስታታው ላይ አሳርፈው መቀዝቀዙን አረጋገጡና፣ ከማስነሣታቸው በፊት «ወንድሜ፣ ደሴ ላይ ነው ወይስ እዚህ የሚብስበት?» ብለው ጠየቁኝ። አሰብ አድርጌ «ጋሼ፣ እዚህ ሳይብስበት አይቀርም» አልኳቸው። «እንግዲያው ቤንዚን አንሶታል» አሉኝ።

ምክንያታቸውን ሳዳምጥ ጥያቄያቸው ምን ያህል የበሰለ እንደሆነ ገባኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ሲሉ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል፤ ሲወርዱ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሳል። በመሆኑም ቤንዚን የሚበዛበት ሞተር ደሴ ላይ ይብስበታል፣ ቤንዚን የሚያንሰው ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ። ይህን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ፤ ለሞተር ምርመራ ይጠቅማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አስነሥተው ሚኒሞው መዋዠቅ ሲጀምር ቾኩን በግማሽ ሳቡት። ቾክ አየሩን ቀንሶ የአየሩንና የቤንዚኑን ድብልቅ በቤንዚን ያወፍራል፤ ሞተሩም ወዲያው ረጋ። ቾኩን ሲመልሱት እንደገና ታወከ። ካንዴላውን ፈትተው ሲያሳዩኝ ጫፉ የነጣ ግራጫ ነበር፤ ቤንዚን በዝቶበት ቢሆን ኖሮ በጥላሸት ይጠቁር እንደነበር ነገሩኝ። ነዳጅ ሲሰጠው ደህና መሆኑም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታል፤ ምክንያቱም የነዳጅ መስጫው ሊዘጋ ሲቃረብ ሞተሩን የምትመግበው በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞዋ ቀጭን መስመር ስትሆን፣ ነዳጅ ሲጨመር ሥራውን ሰፊው መስመር ይረከበዋል። ያለቀ ፋሻ ግን ፍጥነት መርጦ አያስቸግርም፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይት ይበላል፣ ይጨሳል።

ቀጥለው ካርቡሬተሩን ከቴስታታው ጋር በምታገናኘው ጎማ ዙሪያ የካርቡሬተር ማጽጃ በትንሽ በትንሹ ነፉ። ከላይ ሲነፉ ለውጥ አልነበረም። ከታች በኩል ሲነፉ ግን የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለና ለአፍታ ጠራ። ጎማዋን አውጥተው በሁለት አውራ ጣታቸው ሲያጥፏት፣ በማሰሪያው ሥር ተደብቃ የነበረች የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ አፏን ከፈተች። አየር ሳይለካ ይገባ የነበረው በእርሷ ነው። ነዳጅ በሰፊው ሲከፈት በዚያች ስንጥቅ የሚገባው አየር ከጠቅላላው አንጻር ከቁጥር አይገባም፤ ሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ድብልቁን ሙሉ በሙሉ ያበላሸዋል። የደሴው ጋራዥ ቴስታታውን ለማውረድ ይህችን ጎማ መፍታት ነበረበት፤ ይዟት፣ አይቷት፣ መልሶ ገጥሟታል።

በዚህ አልቆሙም። የካርቡሬተሩን የሥር ማፍሰሻ ከፍተው ቤንዚኑን በተቆረጠ ሃይላንድ ሲቀበሉት፣ ከሥሩ ሁለት ጠብታ የሚሆን ውሃና የዝገት ብናኝ ተቀምጦ አየሁ። ወንድሜ ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እንደሚቀዳ ነገርኳቸው፤ አልገረማቸውም። ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አውጥተው ወደ ፀሐይ አንሥተው አሳዩኝ፤ ሙሉ ክብ መታየት ሲገባው የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብቻ ነበረች። ብረት ቀዳዳውን እንዳያሰፋው ብለው በአንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ጠርገው በአየር ነፉት። የቫልቩንም ክፍተት ለክተው ደህና መሆኑን አረጋገጡ፤ ቫልቩን ደሴዎቹ በደንብ እንደገጠሙት ሳይደብቁ ነገሩኝ። በመጨረሻ የድብልቁን ብሎን በድምፅ እያዳመጡ ሲያስተካክሉ ቤንዚኑን ጥቂት ሳሳ አድርገው ተዉትና «ለደሴ ብዬ ነው፤ ወንድምህ የሚነዳው እዚያ አይደል?» አሉኝ።

ጎማዋ 450 ብር፣ የእጅ ዋጋቸው 500 ብር ሆነ። አስቀድመው የነገሩኝም ይህንኑ ነበር። አሮጌዋን ጎማ ሳልጠይቃቸው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ጎማዋን ይዤ ወደ ደሴው ጋራዥ ተመልሼ ቢያንስ የእጅ ዋጋውን 4,500 ብር እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። «ያ ሌላ ብልሽት ነው፤ ፒስተኑም ያስፈልገው ነበር» አሉኝ። አሮጌው ፒስተን ተጥሎ፣ ደረሰኝም ሳይሰጠኝ የምሟገትበት ነገር ስላልነበረኝ ወጣሁ። እንደ እኔ ከውጭ መጥታችሁ ለቤተሰብ ሞተር የምታሠሩ ሰዎች፣ የሚወጣው ዕቃ እንደሚመለስላችሁና ዋጋው ከተነገረው ሲያልፍ እንደሚደወልላችሁ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ተስማሙ። ካንዴላ ሳይታይ፣ ቾክ ሳይሞከር፣ በካርቡሬተሩ ዙሪያ የሚገባ አየር ሳይፈተሽ ሞተር ይፈታ የሚላችሁን አትፍቀዱለት።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ከኩታበር ሲደውልልኝ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋልኝ፤ ሚኒሞው ሳይዛነፍ ይመታል። የኮምቦልቻው ባለሙያ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ አይሠሩም፤ ወደ እርሳቸው የምትሄዱ፣ ቀዝቅዞ እንዲያገኙት ሞተሩን ማታ እዚያው ኮምቦልቻ አሳድራችሁ፣ ሳታስነሡት እየገፋችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሰዱላቸው።