ባይንድ ማውንትን በየቀኑ ተጠቅሜ፦ ለኮድ እወደዋለሁ፣ ለዳታቤዝ ግን አላስጠጋውም

ዶከርን (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ከለመድኩ ጀምሮ በየቀኑ የምነካው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ስለዚህ የምለው አላጣም። ለማያውቀው፣ ባይንድ ማውንት ማለት ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ ፎልደር ኮንቴይነሩ ውስጥም እንዲታይ ማድረግ ነው። ኮፒ አይደለም፣ ያው ራሱ ፎልደር ነው፣ እዚህ አንድ ፊደል ስትቀይሩ እዛም ተቀይሯል፣ እዛ ስታጠፉ እዚህም ጠፍቷል። የመጨረሻዋ ነገር ለብዙ ሰው የምትገባው ካጠፋ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩለትን። በፊት አንድ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን የታሸገ ቅጂ) እንደገና ቢልድ፣ ኮንቴይነሩን ማጥፋት፣ ማስነሳት፣ ከዛ ደግሞ ኮማ ረስቼ ተገኝቼ ከመጀመሪያው። አሁን የፕሮጀክቱን ፎልደር ማውንት አድርጌ ኮዴን እጽፋለሁ፣ ሴቭ ስል ውስጥ ያለው ሰርቨር ራሱ አይቶ ሪሎድ ያደርጋል፣ ብሮውዘሩ ጋ ስመለስ ለውጡ ደርሷል። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ፍጥነቱም ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ኮንቴይነሩ የሚሰራው በሆስቱ (ዶከር ባለበት ኮምፒውተር) ከርነል፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት፣ ስለሆነ መሃል የሚገባ ነገር የለም። ለዚህ ለብቻው 5 ኮከብ ይገባው ነበር።

ነበር ነው ያልኩት።

የፐርሚሽኑን ነገር ያላየ የለም መቼም። ብዙ ኢሜጆች ካልነገራችኋቸው በሩት (ሁሉ የተፈቀደለት የበላይ ዩዘር) ነው የሚሰሩት፣ ፕሮግራሙ የሎግ ወይ የቢልድ ፎልደር ፈጥሮ ውስጡን ይሞላዋል፣ ከዛ እናንተ ከውጪ ላጥፋው ስትሉ ፐርሚሽን ዲናይድ። እንዴ፣ የራሴ ላፕቶፕ አይደል እንዴ? ለካ ከርነሉ ስም አያውቅም፣ የሚያየው ቁጥር ነው። ሩት 0 ነው፣ አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈጠረው ዩዘር 1000 ነው፣ ውስጥ በ0 የተፈጠረ ነገር ውጪም የ0 ነው። ኮንቴይነሩን ስታስነሱ ዩዘሩን የራሳችሁ ቁጥር ካደረጋችሁት ይሄ ጣጣ ያልቃል፣ ኮምፖዝ ፋይል (የኮንቴይነሮቹ ቅንብር የሚጻፍበት) ላይም አንድ መስመር ናት። የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) ኦፊሻል ኢሜጅ 1000 ቁጥር ያለው ኖድ የሚባል ዩዘር ይዞ ስለሚመጣ እሱን ምረጡ ማለት ብቻ ይበቃል። ሌሎቹ ላይ ግን ሳታዩ አትመኑ።

የአጻጻፉም ነገር አለ። ሁለት መንገድ አለው፣ አጭሩ ዳሽ ቪ እና ረጅሙ ዳሽ ዳሽ ማውንት። ሁሉም ሰው አጭሯን ይወዳል፣ እኔም እወዳት ነበር፣ ግን ፓዙን (የፎልደሩን አድራሻ) ስትጽፉ አንድ ፊደል ብትስቱ ዝም ብላ በዛ በተሳሳተው ስም ባዶ ፎልደር ትፈጥርና ትቀጥላለች፣ እናንተ ፋይሎቼ የት ገቡ እያላችሁ ኮዱን ትመረምራላችሁ። ረጅሙ ግን እንደዚህ የሚባል ፓዝ የለም ብሎ እዛው ኤረር ያወጣል። ከዛ ወዲህ እጄ ቢደክምም ረጅሙን ነው የምጽፈው።

ሌላው ሰው የሚያማርርበት ኖድ ሞጁልስ (የኖድ ፕሮጀክት ላይብረሪዎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ጠፋ የሚለው ነው። አልጠፋም ተሸፍኖ ነው። ኢሜጁ ውስጥ እዛ ቦታ ላይ የነበረው ነገር በሙሉ የእናንተ ፎልደር ከላዩ ሲመጣበት አይታይም፣ ማውንቱን ስታነሱት ተመልሶ ይታያል። ቮሊውም (ዶከር ራሱ የሚያስተዳድረው ማከማቻ) ላይ እንደዚህ አይደለም፣ ቮሊውሙ ባዶ ከሆነ ዶከር ኢሜጁ ውስጥ ያለውን ወደሱ ይገለብጥላችኋል። ስለዚህ ኮዱን በባይንድ ማውንት አድርጋችሁ ኖድ ሞጁልስ ላይ ብቻ ቮሊውም ብትደርቡበት ሁለቱም በሰላም ይኖራሉ።

አሁን ግማሽ ቀን የበላችኝን ልናገር። አንድ ኮንፊግ ፋይል አለችኝ፣ ፎልደሩን በሙሉ ምን አስጨነቀኝ ብዬ እሷን ፋይል ብቻ ማውንት አደረግኳት። አንድ ቁጥር ቀየርኩ፣ ሴቭ፣ ለውጥ የለም። ደግሜ ቀየርኩ፣ የለም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቼ ፋይሏን ሳነባት አሮጌዋ ናት፣ ውጪ ሳነባት አዲሷ ናት፣ ስሟ አንድ፣ ቦታዋ አንድ። ካሽ ነው አልኩ፣ ፕሮግራሙን ተሳደብኩ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ኤልኤስን (ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ) ዳሽ አይ ብዬ ውስጥም ውጪም አስኬድኩት፣ ያኔ ነው የነቃሁት፣ የአይኖድ ቁጥራቸው (ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው መለያ) ይለያያል! ለካ ኤዲተሬ ሴቭ ሲያደርግ ያንኑ ፋይል አይደለም የሚጽፍበት፣ አዲስ ፋይል ጽፎ በድሮው ስም ይተካዋል፣ ማውንቱ ደግሞ የተያያዘው ከስሙ ጋር ሳይሆን ከድሮው አይኖድ ጋር ነው። ኮንቴይነሩ ከውጪ ስም እንኳን ያልቀረላትን ፋይል ይዞ ተቀምጧል። ብዙ ኤዲተሮች እንደዚህ ናቸው፣ ፋይሉ በግማሽ ተጽፎ እንዳይበላሽ ነው፣ ክፋት የለውም። ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል፣ ግን ከመጀመሪያው ፋይሏ ያለችበትን ፎልደር ማውንት ማድረግ ነው የሚሻለው። ጥፋቱ የኔው ነው፣ ስለዚህ ኮከብ አልቀነስኩም።

ኮከብ የምቀንሰው ማክ እና ዊንዶውስ ላይ ነው። እዛ ኮንቴይነሮቹ የሚኖሩት ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት ድንበር ያቋርጣል፣ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ያሉት ፕሮጀክት ላይ ታዩታላችሁ። ማክ ላይ ዶከር ዴስክቶፕ በ2022 ቨርቲዮ ኤፍኤስን (ፋይሎችን ከቨርቹዋል ማሽኑ ጋር የሚያጋራበትን ፈጣን መንገድ) ካመጣ በኋላ በጣም ተሻሽሏል፣ ሴቲንጉ ውስጥ መመረጡን ብቻ እዩ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፕሮጀክታችሁን ሲ ድራይቭ ላይ አታስቀምጡት፣ ደብሊው ኤስ ኤል 2 (ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ውስጥ ሊኑክሱ ጋ አስገቡት፣ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ ሲ ላይ ሲሆን ፋይል ተቀየረ የሚለው ምልክት ስለማይደርስ ሪሎዱ ራሱ ዝም ይላል። ሊኑክስ 4 ከግማሽ፣ ማክ 3 ከግማሽ፣ ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ 2 ብዬም አዝኜለት ነው።

ዳታቤዝ በባይንድ ማውንት? እኔ የለሁበትም። ፖስትግሬስን ብቻ ብታዩ፣ ዴቢያን ላይ የተሰራው ኢሜጅ ዩዘሩ 999 ነው፣ አልፓይኑ (ትንሹ ሊኑክስ) ላይ 70 ነው፣ ኢሜጅ ለማቅለል ብላችሁ ብትቀይሩ ትናንት የተጻፈው ፎልደር ዛሬ የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። ስም ያለው ቮሊውም ስጡትና እዛው ይኑር፣ ዳታቤዝ ፋይሎችን በኤዲተር ከፍቶ የሚያነብ ሰው እንደሆነ የለም።

የደህንነቱን ነገር ደግሞ ቀለል አታድርጉት፣ ኮንቴይነር ነው ተዘግቷል የሚባለው ማውንት እስክታደርጉ ድረስ ነው። የማይጻፍበትን ነገር ሁሉ መጨረሻው ላይ አር ኦ (ማንበብ ብቻ) ጨምሩበት፣ ኮንፊጎቼ በሙሉ አሁን እንደዛ ናቸው። ከየትም ያገኛችሁት ኮምፖዝ ፋይል የዶከርን ሶኬት (ዶከር ትዕዛዝ የሚቀበልበትን በር) ማውንት አድርግልኝ ካላችሁ ቆም በሉ፣ እሱን የያዘ ኮንቴይነር ሆስቱን በሙሉ እንደ ሩት ማዘዝ ይችላል። ፌዶራ ወይም ሌላ ኤስኢ ሊኑክስ (ፋይሎች ላይ በተለጠፈ ሌብል ማን ምን እንደሚነካ የሚቆጣጠር የደህንነት ሥርዓት) ያለበት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፋይሉ አልነበብ ሲላችሁ ትልቁን ዜድ ጨምር የሚል ምክር ታገኛላችሁ፣ ይሰራል፣ ለፕሮጀክት ፎልደር ችግር የለውም፣ ግን የፋይሎቹን ሌብል ሆስቱ ላይ ነው የሚቀይረው፣ ሆም ፎልደራችሁ ላይ በሙሉ ከጻፋችሁት ማሽኑ ራሱ ሎግ ኢን አላስገባም ሊላችሁ ይችላል።