ሮስኪልደ ፌስቲቫል፦ ሆቴል ወይስ ድንኳን? ድንኳን ከሆነስ የትኛው?

የአውሮፓ በጋ ሲቃረብ ያው ጥያቄ ይመጣል። "ሮስኪልደ ልሄድ ነው፤ ሆቴል ልያዝ ወይስ ድንኳን ልግዛ?" ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። መልሴ ድንኳን ነው። ግን ደህና ድንኳን።

ከዋጋው እንጀምር። ይህ የዴንማርክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከ1971 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስምንት ቀን ይቆያል። ሙሉ ትኬቱ ከ2,000 ክሮነር በላይ ነው። 1 ዩሮ ወደ 7.46 ክሮነር ስለሆነ ከ268 ዩሮ ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ውስጥ የድንኳን መትከያ ቦታው አለበት። ሆቴል የያዘ ሰው ለማይተኛበት ሜዳ ከፍሎ፣ እንደገና ለክፍል ይከፍላል። ኮፐንሃገን ውስጥ በዚያ ሰሞን ከ100 ዩሮ በታች ደህና ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው። በሌሊቶቹ ቁጥር አባዙትና እዩት።

ባቡሩ ከኮፐንሃገን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ መንገዱ ችግር የለውም። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትልልቆቹ መድረኮች ያሉበት ዋናው ሜዳ አይከፈትም። ጨዋታው ሁሉ ድንኳኖቹ መሀል ነው። ሆቴል ያደረ ሰው ይህ ያመልጠዋል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ብቻ ሆቴሉን እመክራለሁ።

አሁን ወደ ድንኳኑ። የአጎቴ ልጅ ከኢንተርኔት በ25 ዩሮ አንድ ገዛ። ፎቶው ላይ ድርብ ሽፋን ያለው ነበር። የመጣው ነጠላ ሆኖ አናቱ ላይ ትንሽ ቆብ ያለው ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው በስፌቱ መስመር ገባ። ጠብ ጠብ እያለ ስሊፒንግ ባጉ እግር ስር ተጠራቀመ። በማግስቱ ዘንጉ ሄደ። ርካሽ ፋይበር ግላስ ሲሰበር በቁመቱ ይሰነጠቅና ስንጥሩ እጅ ውስጥ ይገባል። በማንኪያ እጀታ ደግፈን በወፍራም ስኮች ጠቀለልነው፤ ያዘ። ከዚያ ዚፑ መዝጋት እምቢ አለ። ዚፕ እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው፤ የላላው ተንሸራታቹ ነው። በፒንሳ ሁለቱን ጎን ቀስ አድርጎ ጫን ማድረግ ይበቃል። የእሱ ግን ጫን ሲሉት ለሁለት ተከፈለ። የቀረውን ሌሊት በመርፌ ቁልፍ ዘግቶ አደረ። 25 ዩሮው በሦስተኛው ቀን ቆሻሻ ሆነ።

ተወርውሮ የሚከፈተው ድንኳንስ? ዴካትሎን የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር የሚሸጠውን "ኬቹዋ" አልነቅፈውም። ውስጡ ጥቁር የሆነው ዓይነት በተለይ ደስ ይላል፤ እዚያ በዚያ ወቅት ፀሐይ ከንጋቱ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። ችግሩ ሲታጠፍ ትልቅ ክብ ይሆናል፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በአውሮፕላን ለሚሄድ አይሆንም። አስመስለው የተሠሩትን ደግሞ አትንኩ። ሽቦው አንዴ ከተጣመመ የሚጠግነው የለም።

የእኔ ምርጫ ድርብ ሽፋን ያለው፣ ዘንጉ አሉሚኒየም የሆነ፣ ከ80 እስከ 120 ዩሮ የሚሸጥ ነው። አሉሚኒየም ቢጎብጥ እንኳ ጉልበት ላይ አድርጎ ማቃናት ይቻላል። መለያው ላይ 3,000 ሚሊ ሜትር (ጨርቁ ሳያስገባ የሚችለው የውሃ ቁመት) የሚል ከሆነ ዝናቡን ይችላል። ለሁለት ሰው የሦስት ሰው ግዙ፤ ሻንጣችሁም እኮ ያድራል። 100 ዩሮው ለሁለት ሲካፈል 50 ነው፤ የአንድ ሌሊት ክፍል ግማሽ። በሚቀጥለው ዓመትም አለ።

ይህ የመጨረሻው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፌስቲቫሉ ሲያልቅ ሜዳው ላይ የሚጣለውን የድንኳን ክምር ማየት ያሳዝናል። ትርፉን ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ፌስቲቫል ነው፤ ቆሻሻችንን ለማንሳት የሚያወጣው ገንዘብ ከዚያው የሚቀነስ ነው።

ስትገዙ ዚፑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ማዕዘኑ ላይ ከያዘ መልሱት። ካስማዎቹን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፤ በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩባችሁ ይችላሉ። አብረው የሚመጡት ቀጫጭኖች ደረቅ መሬት ላይ ይጎብጣሉ፤ ጥቂት ወፈር ያሉ ጨምሩበት።