ናይትሮ ባጊ በባህር ዳር አቧራ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት ምን ቻለ ምን አልቻለም

ባለ 1/8 ናይትሮ ባጊዬን (ከእውነተኛው መኪና ስምንት ጊዜ ያነሰ፣ በናይትሮ ነዳጅ የሚሰራ የሪሞት መኪና) የያዝኩት መስከረም ላይ ክረምቱ እንደወጣ ነው፣ አሁን ግንቦት ነው እና ሁለቱንም ስራ አሰርቼዋለሁ፤ አባይ ማዶ ባዶ ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር በሃይላንድ ጠርሙስ ትራክ ሰርተን ሬስ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አፈር ቁልል ላይ እያዘለሉ ማላተም። ብራንዱን አልጠራም፣ ምክንያቱም የትኛውንም ብትገዙ እዚህ የሚያቆየው ወይ የሚገድለው ነገር ያው ነው፦ አቧራ እና መለዋወጫ።

ሞተሩ 3.5 ሲሲ ነው፣ ባለ ገመድ ማስነሻ። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው ወደ 80 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ማንዋሉ ላይ ባለው ልክ ብትተዉት ነዳጅ ይበዛበትና ጭሱን እያንቦለቦለ ጋዝ ስትሰጡት ይታነቃል። ከፍተኛ ፍጥነት የምታስተካክለዋን ብሎን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ማጥበቅ ነው፣ በአንዴ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የሞተሩ ዘይት ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ ነዳጅ ካነሰው ቅባትም ያንሰዋል። ቴርሞሜትር ግዙ፣ የሞተሩ ቴስታታ ላይ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ደህና ነው።

እሺ፣ የአየር ፊልትሮ። ይሄን ካላነበባችሁ ሌላውንም አታንብቡ። ፒስተኑ ፋሻ የለውም፣ ሲሊንደሩ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ነው ኮምፕሬሽን የሚይዘው፣ ስለዚህ ትንሽ አቧራ ከገባ ያንን ጥበት ይሞርደውና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳል ሲሞቅ ግን እምቢ ይላል። የኛ አቧራ ደግሞ ጥር የካቲት ላይ ዱቄት ነው፣ ሐይቁ ዳር ከወረዳችሁ ትንኙ ይጨመራል። እኔ ሁለት ሶስት ስፖንጅ በፊልትሮ ዘይት አርሼ በፌስታል ይዤ ነው የምወጣው፣ የቆሸሸውን ቤት በሳሙና አጥቤ አደርቀዋለሁ፣ በዚህ ምክንያት ሞተሩ እስካሁን አልተከፈተም።

አካሉ ጠንካራ ነው። አርሞቹ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) ፕላስቲክ ናቸው እና እንደዛ ይሁኑ፣ አሉሚኒየም ያምራል ግን ድንጋይ ሲመታ ታጥፎ ይቀራል፣ ፕላስቲኩ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ቢሰበርም ርካሽ ነው። ከሁሉ ቶሎ የሚያልቀው ኩሽኔታ ነው፣ በተለይ የፍሪሲዮኑ። የጎማዎቹ 8 በ16 በ5 ሚሊሜትር ስለሆኑ 688 ብላችሁ ኩሽኔታ ሱቅ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ የግድ የሞዴል መኪና ሱቅ አያስፈልግም። ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ይሄን ነው፦ አርም፣ ፍሪሲዮን እና የዲፈረንሻል ጥርስ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ካልተሸጠ ምንም ቢፈጥን ተዉት።

ትልቁ ራስ ምታት ነዳጁ ነው። ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴን እና ዘይት ነው፣ ተቀጣጣይ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ በአውሮፕላን ሊይዝላችሁ አይችልም። ቤንዚን ጨምርበት የሚል የሰፈር ሜካኒክ አይጠፋም፣ በጭራሽ እንዳትሰሙት፣ ካንዴላው ሜታኖል ሲነካው ነው ግሎ የሚቆየው። እና በናታችሁ ሃይላንድ ውስጥ አትገልብጡት! አረቄ በሃይላንድ በሚቀመጥበት ሀገር አንዱ ተሳስቶ ቢጎነጭ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በራሱ ጣሳ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከልጆች ርቆ ይቀመጥ፣ እርጥበትም ይስባል።

ለሬስ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ታንኩ 125 ሲሲ ስለሆነ መሃል ላይ ነዳጅ መሙላቱ ራሱ ጨዋታ ነው። ለማላተም ብቻ ከሆነ ግን ሆዱ መሬት ስለሚነካ ሳር እና ኮብልስቶን ላይ ያናድዳል። ቋሚ የነዳጅ ምንጭ የሌለው ሰው በባትሪ የሚሄደውን ብረሽለስ (ብሩሽ የሌለው ሞተር ያለውን) የኤሌክትሪኩን ይግዛ፣ እኔም ምንጬ ከተቋረጠ ወደዛው ነኝ።

አሁን ዝናቡ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን አቆመዋለሁ። የምታቆሙት ከሆነ ታንኩን አድርቁ፣ የቀረውን አቃጥሉ፣ በካርቡራተሩ እና በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አርጉ፣ ፒስተኑንም ወደ ታች አውርዱት፣ ላይኛው ጥበት ውስጥ እንዳለ ከቀዘቀዘ መስከረም ላይ ገመዱ አልሳብ ይላችኋል።